«አክቲቭ» እያለ የማይጽፈው ሲስሎግ፦ የአንድ ፎልደር ፈቃድ ሎጉን ሁሉ እንዴት ያስቆማል?

አዲስ የኡቡንቱ ሰርቨር ተጭኗል። ኔትወርኩ ይሠራል፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ፋይሉን ከሰርቨሩ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። አንድ ሌሊት የሆነ ነገር ይበላሻል። ጠዋት ምክንያቱን ለማወቅ ሎግ (የማሽኑን የክንውን መዝገብ) የከፈተው ሰው /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ የተባለውን ፋይል ወይ ከነጭራሹ አያገኘውም፣ ወይ የመጨረሻው መስመር ሰርቨሩ የተጫነ ዕለት ላይ ቆሞ ያገኘዋል። የሎግ ጸሐፊውን ፕሮግራም፣ የአርሲስሎግን፣ ሁኔታ ሲስተምሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ሲጠይቅ ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ ይመጣለታል፦ «አክቲቭ፣ ራኒንግ»። ዲስኩም አልሞላም።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው /ቫር/ሎግ ራሱ ነው፤ ወይም ከእሱ በላይ ካሉት ፎልደሮች አንዱ፦ የተሳሳተ ባለቤት ወይም የተሳሳተ ፈቃድ ይዟል። መድኃኒቱ ሁለት መስመር ትእዛዝ ቢሆንም ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ መስጠት) ነው፤ እሱ ደግሞ አንዱን ችግር ፈትቶ ሌላ ሦስት ይወልዳል። (እዚህ ትእዛዞቹን የጻፍናቸው በእኛው ፊደል ነው። ሲመቱ እንደ ወትሮው በላቲን ፊደል ይምቷቸው።)

መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቀልላል። አንድ ፕሮግራም ሎግ ማድረግ ሲፈልግ ጽሑፉን ወደ /ዴቭ/ሎግ ይልካል። ሲስተምዲ (የማሽኑን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ሥርዓት) ባለበት ማሽን ይህ በቀጥታ ጆርናልዲ ወደሚባለው የሲስተምዲ መዝጋቢ የሚያደርስ ማመላከቻ ነው። ጆርናልዲ የራሱን ቅጂ በራሱ ፎርማት ያስቀምጣል፤ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ሌላ ቅጂ ለአርሲስሎግ ያቀብላል። ሲስሎግ፣ ኦዝ ሎግ፣ ከርን ሎግ የሚባሉትን የጽሑፍ ፋይሎች የሚጽፈው አርሲስሎግ ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ፋይሎቹ ቆሙ ማለት መረጃው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጆርናሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የአርሲስሎግ የራሱ እሮሮም የተቀመጠው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ ሲነሳ ሩት (ሁሉን የሚችለው የማሽኑ ተጠቃሚ) ሆኖ ይነሳል፣ የሩት ሥልጣን የሚጠይቁትን ነገሮች ይይዛል፣ ከዚያ ሥልጣኑን አውርዶ «ሲስሎግ» የሚባል ተራ ተጠቃሚ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ይህ ፕሮግራም ከማንም የመጣ ጽሑፍ ሲቀበል የሚውል ነው፤ አንዳንዴም ከኔትወርክ። አንድ ቀን ክፍተት ቢገኝበት ሰርጎ የገባው ሰው ሩት ሆኖ እንዳያገኘው ነው። የሎግ ፋይሎቹን የሚከፍተው ግን ሥልጣኑን ካወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ /ቫር/ሎግ ውስጥ ፋይል መፍጠር የሚችለው ፎልደሩ ለሲስሎግ ግሩፕ የመጻፍ ፈቃድ ከሰጠ ብቻ ነው። ኡቡንቱ ላይ ትክክለኛው ቁጥር 775 (ሦስቱ አኃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑና የሌላው ሰው ፈቃድ ናቸው፤ 7 ሙሉ ፈቃድ፣ 5 መጻፍ የሌለበት)፣ ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ ሲስሎግ የሆነው ለዚህ ነው።

ዴቢያን ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ አርሲስሎግ ሩት ሆኖ ስለሚቆይ /ቫር/ሎግ 755፣ ባለቤቱም ግሩፑም ሩት ቢሆን ምንም አይጎድለውም። «የሰርቨር ደኅንነት ማጥበቂያ» የሚሉ ስክሪፕቶች ብዙ ጊዜ ይህንን የዴቢያን ልክ ይዘው ኡቡንቱ ላይ ይጭኑበታል። ቁጥሩ ጠበቅ ያለ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ስሕተቱ ወዲያው ላይታይም ይችላል። ፎልደሩ 755 ሩት ቢሆንም ውስጡ ቀድሞ የተፈጠረ፣ ባለቤቱ ሲስሎግ የሆነ ፋይል ካለ አርሲስሎግ እሱ ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ የተከለከለው አዲስ መፍጠር ብቻ ነው። ሎግሮቴት (የቆየውን ሎግ አንስቶ አዲስ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ፋይሎቹን ሲያዞር ራሱ በሩት ሥልጣን አዲሱን ባዶ ፋይል በቀድሞው ባለቤት ስም ስለሚፈጥርለት ስሕተቱ ለወራት ተሸፍኖ ይቆያል። አንድ ቀን ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ አንዱ ሲስሎግን ሲሰርዘው ይፈነዳል። ወይም ሲስሎግ እየሠራ ሜይል ሎግ ብቻ አይፈጠርም፤ ምክንያቱም ያ ፋይል የሚፈጠረው የመጀመሪያው የሜይል መልእክት ሲመጣ ነው። «አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም» የሚባለው እንቆቅልሽ መልሱ ይኸው ነው።

የፎልደር ፈቃድ ከፋይል ፈቃድ ጋር አንድ ዓይነት ፊደል ይዞ ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። ፎልደር ላይ አር ማለት የውስጡን ስም ዝርዝር ማየት ነው። ደብሊው ማለት ውስጡ ፋይል መፍጠር፣ ስም መቀየር፣ መሰረዝ ነው፤ የፋይሉ ባለቤት ማንም ይሁን ማን። ኤክስ ማለት ደግሞ አልፎ መግባት። ሦስተኛው ነው ብዙ ሰው የሚዘነጋው። ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየ ሰው የቢሮው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ቢኖርም፣ ዘበኛው ዋናውን በር ካልከፈተለት ወይም የኮሪደሩ ፍርግርግ ከተቆለፈ ቁልፉ አይጠቅመውም። አርሲስሎግም ከሥሩ /፣ ከዚያ /ቫር፣ ከዚያ /ቫር/ሎግ ድረስ እያንዳንዱ ላይ ኤክስ ያስፈልገዋል። ሩት ግን በየትኛውም በር ያልፋል። ስሕተቱን ሩት ሆኖ የሚፈትሽ ሰው «እኔ ጋ ይከፈታል» የሚለው ለዚህ ነው።

አዲስ ጭነት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይመጣል? በመደበኛው ኢንስታለር ተጭኖ ምንም ያልተነካ ሰርቨር ላይ አይጠበቅም። የሚመጣው ከጭነቱ በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ በሚሠራ ሥራ ነው። ዋነኛው ሎጉን ወደ ራሱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ማዛወር ነው። አዲስ ፎርማት የተደረገ ኤክስት4 የላይኛው ፎልደሩ ሩት፣ ሩት፣ 755 ሆኖ ይወለዳል። እሱን /ቫር/ሎግ ላይ ማውንት ሲያደርጉት (ሲያያይዙት) ከሥር ያለው ትክክለኛው ፎልደር ከነፈቃዱ ይሸፈናል፤ የሚታየው የአዲሱ ፓርቲሽን ፈቃድ ነው። ከማውንት በፊት ሲኤችኦውን (ባለቤት መቀየር) እና ሲኤችሞድ (ፈቃድ መቀየር) አድርገው ከሆነ ያስተካከሉት የተሸፈነውን ነው። በዚያ ላይ የድሮዎቹ ፋይሎች በሲፒ -አር ከተገለበጡ ባለቤታቸው ሁሉ ሩት ሆኗል፤ ባለቤትና ፈቃድ ሳይነካ የሚገለብጠው ሲፒ -ኤ ነው። በፍላሽ የሚደረግ ቅጂ ደግሞ የባሰ ነው፦ ፋት32 ወይም ኤክስፋት የሆነ ፍላሽ የሊኑክስን ባለቤትና ፈቃድ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ምንም ዓይነት ትእዛዝ ቢጠቀሙ ይጠፋል። ፍላሽ ብቻ ካለ ፋይሎቹን መጀመሪያ በታር ጠቅልሎ አንዱን የታር ፋይል ማስቀመጥ ነው መፍትሔው።

ታርም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ሰው በራሱ ላፕቶፕ፣ በራሱ ተጠቃሚ፣ የአንድን ፎልደር ይዘት ከነነጥቡ ጠቅልሎ ሰርቨሩ ላይ ሩት ሆኖ / ላይ ሲፈታው፣ ታሩ ውስጥ ያለችው ያቺ ነጥብ የላፕቶፑን ፎልደር ባለቤትና ፈቃድ ወደ / ታስተላልፋለች። ሥሩ ድንገት ባለቤቱ 1000 ቁጥር ተጠቃሚ ይሆናል፤ ወይም 700 ይሆናል። 700 ከሆነ ሩት ያልሆነ ሁሉ በሩ ላይ ይቀራል፦ ሲስሎግ ብቻ ሳይሆን የስም አፈታቱም ሌላውም አገልግሎት አብሮ ያኮርፋል። ኢሜጅ የሚያዘጋጁ ሰዎችም በኤምኬቴምፕ -ዲ በፈጠሩት ፎልደር ውስጥ ሥርዓቱን ገንብተው እዚሁ ይወድቃሉ፤ ያ ትእዛዝ የሚፈጥረው ፎልደር ሁልጊዜ 700 ነውና። የሩት ዩማስክ (አዲስ ፋይል ወይም ፎልደር ሲፈጠር የሚቀነሰው ፈቃድ) 077 ተደርጎ ከዚያ በኋላ በእጅ የተፈጠሩ ፎልደሮችም እንዲሁ ናቸው።

ምርመራው ከጆርናሉ ይጀምር፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዩ አርሲስሎግ -ቢ

የፈቃድ ችግር ከሆነ የፋይሉን ስም ጠርቶ «ኦፕን ኤረር፣ ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል መስመር ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ 2433 የሚል ቁጥር ይይዛል። አጠገቡ 2007 የሚል ካለ ጸሐፊው ክፍል ለጊዜው ራሱን አግዷል ማለት ነው። የስሕተቱን ቃል በደንብ ያንብቡ። «ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም» የሚል ከሆነ ከፈቃድ ጋር አይገናኝም፤ መብራት ተቋርጦ ዲስኩ ላይ ስሕተት ተገኝቶ ሊሆን ስለሚችል የከርነሉን መልእክት ይመልከቱ። «ኖ ስፔስ ሌፍት» ካለ ዲኤፍ -ኤች ብቻ ሳይሆን ዲኤፍ -አይ ጭምር ያስፈልጋል፤ ዲስኩ ቦታ ኖሮት አይኖዱ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልገው መመዝገቢያ) ሊያልቅ ይችላል።

ፈቃድ መሆኑ ከታወቀ በሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ይህ ነው፦

ናሜአይ -ኤል /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ

ከ/ ጀምሮ እያንዳንዱን ደረጃ በየመስመሩ ከነባለቤቱና ከነግሩፑ ይዘረዝራል። ጤነኛ ኡቡንቱ ላይ / እና /ቫር ሩት፣ ሩት ሆነው የፈቃዳቸው የመጨረሻ ፊደል ኤክስ ነው። ሎግ የሚለው መስመር ሩት፣ ሲስሎግ ይላል፤ በግሩፑ ሦስት ፊደላት መካከል ደብሊው አለች። ፋይሉ ራሱ ሲስሎግ፣ አድም፣ 640 ነው። ቁጥሩን ማየት ከፈለጉ ስታት /ቫር/ሎግ ብለው በአራት አኃዝ የሚጀምረውን ቅንፍ ይፈልጉ፤ 0775 መሆን አለበት። ከዚያ እንደ ሩት ሳይሆን እንደ ራሱ እንደ ሲስሎግ ይሞክሩ፦

ሱዶ -ዩ ሲስሎግ ታች /ቫር/ሎግ/ሙከራ

ፋይሉ ከተፈጠረ ፈቃዱ ደህና ነው፤ ሰርዘው ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ በሩ የተዘጋው ናሜአይ ካሳየው አንዱ መስመር ላይ ነው።

ጥገናው ለአንድ ፎልደር ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አብሮ የሚቀይረው ትልቁ አር አይገባበትም፦

ሱዶ ሲኤችኦውን ሩት:ሲስሎግ /ቫር/ሎግ
ሱዶ ሲኤችሞድ 775 /ቫር/ሎግ

የተበላሸው / ወይም /ቫር ከሆነ እነሱን ሩት:ሩት እና 755 ያድርጉ። በስሕተት ቅጂ የሩት የሆኑ የሎግ ፋይሎች ካሉ በስማቸው አንድ በአንድ ሲስሎግ:አድም፣ 640 ይደረጋሉ። ከዚያ አርሲስሎግን ሪስታርት አድርገው፣ ሎገር በሚለው ትእዛዝ አንድ ቃል ይላኩና ቴይል ሲስሎጉ ላይ መድረሷን ይዩ። አረንጓዴው ነጥብ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው የላኳት ቃል ናት።

ኡቡንቱ ይህንን ጥገና ራሱ የሚያደርግበት መንገድም አለው። የአርሲስሎግ ጥቅል /ዩኤስአር/ሊብ/ቴምፕፋይልስ.ዲ ውስጥ 00አርሲስሎግ.ኮንፍ የሚባል ፋይል ያስቀምጣል፤ «/ቫር/ሎግ 0775 ሩት ሲስሎግ ይሁን» የሚል መስመር አለው። ሲስተምዲ ቴምፕፋይልስ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አንብቦ ያስፈጽመዋል። አዲሱን ፓርቲሽን አሁን ማውንት አድርገው ሎጉ የቆመ ማሽን ሪስታርት ሲደረግ «ራሱ የሚድነው» በዚህ ነው። ማሽኑን ሳያጠፉ ለማስፈጸም ሲስተምዲ-ቴምፕፋይልስን --ክሪኤት እና --ፕሪፊክስ=/ቫር/ሎግ ብሎ መጥራት ይበቃል። እኔ ብመርጥ በእጅ ከመምታት ይህንን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩን ከሰው ትውስታ ሳይሆን ከደንቡ ነው የሚወስደው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቴምፕፋይልስም እምቢ ይላል። / ባለቤቱ ሩት ካልሆነ፣ ከሌላ ሰው ፎልደር ወደ ሩት ፎልደር መሻገርን አደገኛ አድርጎ ስለሚቆጥር «አንሴፍ ፓዝ ትራንዚሽን» ብሎ ይተወዋል። ይህንን ቃል ጆርናሉ ውስጥ ካዩ /ቫር/ሎግን መነካካት ትተው መጀመሪያ የ/ን ባለቤት ሩት ያድርጉ።

አሁን ወደ 777። ፎልደሩን ለሁሉም መክፈት ሎጉን ያስነሳዋል፤ ስለዚህ የተሳካ ይመስላል። ነገር ግን ፎልደር ላይ ደብሊው መሰረዝም ስለሆነ ማንኛውም የማሽኑ ተጠቃሚ የኦዝ ሎግን ሰርዞ በራሱ ሊተካው ይችላል። ሎግሮቴትም «ሱ» የሚለው መስመር ኮንፊጉ ውስጥ ከሌለ ሁሉም የሚጽፍበት ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል አላዞርም ይላል፤ ዲስኩ ቀስ እያለ ይሞላል። በትልቁ አር ሲደረግ ደግሞ ጉዳቱ ይሰፋል። ያልተሳኩ የመግቢያ ሙከራዎች የሚመዘገቡበት ቢቲኤምፒ ለሌላ ሰው በፍጹም መከፈት የለበትም፤ ልኩ 660፣ ሩት፣ ዩቲኤምፒ ነው። ኤስኤስኤችዲ ከዚያ የሰፋ ፈቃድ ካየበት «ኤክሰስ ፐርሚሽን» ብሎ መጻፉን ያቆማል። ማን ፓስወርድ ሲገምት እንዳደረ የሚያሳየው መዝገብ ጠፋ ማለት ነው። /ቫር/ሎግ/ፕራይቬት 700 መሆን አለበት፤ የፖስትግሬስኪውኤል ፎልደር 1775 ነው፤ ማይኤስኪውኤልም የራሱ ባለቤት አለው። ሲኤችኦውን በትልቁ አር ሁሉንም የሲስሎግ ካደረጋቸው ዳታቤዞቹ የራሳቸውን ሎግ መክፈት አቅቷቸው ላይነሱ ይችላሉ።

አንዴ ከተደረገ መመለሻው እንደ ዲስትሪቢዩሽኑ ነው። አልማሊኑክስ፣ ሮኪና ፌዶራ ላይ የጥቅል አስተዳዳሪው አርፒኤም የእያንዳንዱን ጥቅል ፋይል ፈቃድና ባለቤት መዝግቦ ይይዛል፤ መጀመሪያ --ሴትዩጂአይዲኤስ፣ ቀጥሎ --ሴትፐርምስ። የኡቡንቱና የዴቢያኑ ዲፒኬጂ ግን --ቬሪፋይ ሲባል የሚያነጻጽረው ይዘትን እንጂ ፈቃድን አይደለም፤ «ሁሉም ደህና» ቢልዎት አይመኑት። እዚያ የሚሻለው ተመሳሳይ ቨርዥን ያለው ጤነኛ ማሽን ላይ በፋይንድ የ/ቫር/ሎግን ቁጥር፣ ባለቤት፣ ግሩፕና ስም አስወጥቶ ከተበላሸው ጋር ማስተያየት ነው። የተጠቃሚ ቁጥር ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ በስም ያስተያዩ።

ፈቃዱ ትክክል ሆኖ ክልከላው ከቀጠለስ? አልማ፣ ሮኪ ወይም ፌዶራ ከሆነ ኤስኢሊኑክስ (ከፈቃድ በተጨማሪ በፋይሎች መለያ የሚፈርድ ጥበቃ) ነው የሚጠረጠረው። በኤምቪ የተዛወረ ፋይል የድሮ ቦታውን መለያ ይዞ ይመጣልና ሬስቶርኮን -አርቪ /ቫር/ሎግ ያድሰዋል (አሩ ትልቁ ነው)። ኡቡንቱ ላይ ሎጉ ወደ ሌላ ስም፣ ለምሳሌ ወደ /ዳታ/ሎግ፣ ከተወሰደ አፕአርመር የሚባለው የኡቡንቱ ጥበቃ ሊያግደው ይችላል፤ እሱ የሚፈርደው በፋይሉ አድራሻ ነው። ፓርቲሽኑን እዚያው /ቫር/ሎግ ላይ ማውንት ማድረግ ይህንን ሁሉ ያስቀራል።

ለአዲስ አበባ ሰው ጆርናሉ ራሱ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ግድ ነው። /ቫር/ሎግ/ጆርናል የሚባል ፎልደር ከሌለ ጆርናልዲ የሚጽፈው /ረን ውስጥ ነው፤ ያ ሚሞሪ ነው፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጆርናልሲቲኤል --ሊስት-ቡትስ ብለው ማሽኑ ብዙ ጊዜ ተነስቶ ሳለ አንድ መስመር ብቻ ካሳየ እንዲያ ነው። ፎልደሩን ይፍጠሩ፣ ቴምፕፋይልስን ያስኪዱበት፣ ከዚያ ጆርናልሲቲኤል --ፍላሽ። ልኩ 2755፣ ሩት፣ ሲስተምዲ-ጆርናል ነው፤ ፊት ያለችው 2 አዳዲስ ፋይሎች ግሩፑን እንዲወርሱ ታደርጋለች። እንዲህም ሆኖ ጆርናልዲ ከባድ ያልሆኑ መልእክቶችን ዲስኩ ላይ የሚያጸናው በየ5 ደቂቃው ስለሆነ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ያሉት የመጨረሻ ደቂቃዎች ሊጎድሉ ይችላሉ። ዩፒኤስ ከሌለ ይህንን በፈቃድ ስሕተት አያሳብቡ።

ሰዓቱንም ይጠንቀቁ። አዲስ ሰርቨር ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ይነሳል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የሆነውን ነገር 17:00 ላይ ነው የሚፈልጉት፤ ዞኑ አፍሪካ/አዲስ_አበባ ከተደረገ በኋላ ደግሞ 20:00 ላይ። ሎጉ እዚያው እያለ «ያን ሰዓት ምንም አልተጻፈም» የሚባልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ማሽኑ ዴቢያን 12 ከሆነ ደግሞ ሲስሎግ የሚባል ፋይል አለመኖሩ ብልሽት አይደለም፤ ከዚያ ቨርዥን ጀምሮ አርሲስሎግ በነባሪ አይጫንም። ጆርናልሲቲኤልን ይጠቀሙ፣ ካስፈለገም በአፕት ይጫኑት።

ከጥገናው በኋላ አንዴ ሪስታርት አድርገው ስታትንና ሎገርን ይድገሙ። ቁጥሩ ወደ 755 ከተመለሰ /ኢቲሲ/ቴምፕፋይልስ.ዲ ውስጥ ሌላ ሰው ያስቀመጠው፣ የኡቡንቱን ደንብ የሚሽር ፋይል አለ ማለት ነው። ሁለት ፋይሎች ስለ አንድ ፎልደር ሲናገሩ የሚሰማው በስም ቅደም ተከተል የሚቀድመው ነው፤ የኡቡንቱው በ00 የጀመረው ለዚህ ነው። ማሽኑ ሲነሳ «ዱፕሊኬት ላይን ፎር ፓዝ /ቫር/ሎግ፣ ኢግኖሪንግ» የሚል መልእክት ካዩም የዚሁ ውጤት ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ይለፉት።